ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ዕጢ

ያረጀ ቡና ሲጎነደል አይተው ያውቃሉ? ከቱም እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው የቡና ምድር ይህ የተለመደ ሥራ ነው። ምርቱ የቀነሰ ቡና ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል። ላላወቀው ሰው ዛፉ ያበቃለት ይመስላል። ገበሬው ግን አይደነግጥም። ዝናብ ሲያገኝ ከጉቶው ዙሪያ አዳዲስ ቀንበጦች ብቅ እንደሚሉ ያውቃል።

ለገበሬው ደስታ የሆነው ይህ ነገር በሰው አንጎል ውስጥ ሲሆን ግን የቤተሰብ ሐዘን ነው። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው አደገኛ የአንጎል ካንሰር ጠባዩ እንዲህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ዕጢ ያወጣል፤ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይከተላል። በሽተኛው ይሻለዋል፤ ቤተሰብም እፎይ ይላል። ከወራት በኋላ ግን ዕጢው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከነበረበት አጠገብ፣ ተመልሶ ይበቅላል። “ወጥቷል አልተባለም ወይ?” ብሎ ቤተሰብ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በቤተ ሙከራ ያሉ ተመራማሪዎችም ለዓመታት የጠየቁት ይህንኑ ነው።

መቶ ሕዋሳት ብቻ

በሰውነታችን ውስጥ ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው እንደ እናት ነው፤ ራሳቸውን ይተካሉ፣ ሌሎች ሕዋሳትንም ይወልዳሉ። በመቅኒ ውስጥ ያሉት ዕድሜ ልካችንን ደም ይሠሩልናል። ይህን መሠረታዊ እውቀት እ.ኤ.አ. በ1961 ያስጨበጡት ቲልና ማኩሎክ የተባሉ የቶሮንቶ ሳይንቲስቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በዚያው ከተማ የጆን ዲክ ቡድን በደም ካንሰር ውስጥ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ።

የአንጎል ዕጢ ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ሺላ ሲንግና ፒተር ዲርክስ ከበሽተኞች የወጣን ዕጢ ወስደው ሕዋሳቱን ለዩ። መለያቸው በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚገኝ ሲዲ133 የተባለ ፕሮቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ይህ ምልክት ያለባቸው መቶ ሕዋሳት ብቻ በአይጥ አንጎል ውስጥ አዲስ ዕጢ አበቀሉ። ምልክቱ የሌለባቸው ግን መቶ ሺህ ቢገቡም ዕጢ አልሆኑም። ዕጢው ጉቶ አለው ማለት ነው።

ሕክምናው ለምን እንደሚከብድም ቀስ በቀስ ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የጄረሚ ሪች ቡድን እነዚህ ሕዋሳት በጨረር የተጎዳውን ዲኤንኤያቸውን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚጠግኑ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሉዊስ ፓራዳ ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት ደግሞ ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ፈጥነው የሚራቡትን ሕዋሳት ሲገድል፣ በእረፍት ላይ የነበሩት ጥቂቶች ተርፈው ዕጢውን መልሰው ሲያበቅሉ ታየ። መድኃኒቱ ቅርንጫፉን መታ፤ ጉቶው ቀረ።

ያልተቋጨ ምርምር

“ታዲያ ጉቶውን መንቀል ነዋ!” ማለትዎ አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። ሲዲ133 የሌለባቸው ሕዋሳትም አንዳንዴ ዕጢ ሊያበቅሉ እንደሚችሉ ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል። ተራ የሚመስል የዕጢ ሕዋስ ሁኔታው ሲመቸው ወደ ግንደ ሕዋስነት ጠባይ ሊመለስም ይችላል። በዚህ ላይ ሕዋሳቱ ከጤነኛው አንጎል ጋር ተጠላልፈው ስለሚኖሩ ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። የጣሊያኑ አንጀሎ ቬስኮቪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ሌላ መንገድ ሞክሯል። ሕዋሳቱን ከመግደል ይልቅ ወደ በሰለ ሕዋስነት እንዲያድጉ የሚገፋ ፕሮቲን ሰጣቸው፤ በአይጦች ላይም ተስፋ ሰጪ ሆነ።

በሽተኛው አልጋ ዘንድ ያለው ለውጥ ግን እስካሁን አዝጋሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ትልቅ ጥናት ቴሞዞሎማይድ በጨረር ላይ ሲጨመር የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን መካከለኛ የመኖር ዕድሜ ከ12.1 ወደ 14.6 ወር ከፍ ብሏል። ጥቂት ወራት ናቸው፤ ለአንድ እናት ግን የልጇን ምርቃት የምታይባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙ እንዳያሳስትዎ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “ስቴም ሴል” የሚለው ስም በማስታወቂያ ላይ እንደ ፈውስ ቃል ይነገራል። የደም ካንሰርን በመቅኒ ንቅለ ተከላ ማከም የተረጋገጠ ሕክምና ነው። ለግሊዮብላስቶማ ግን የስቴም ሴል መርፌ የተረጋገጠ መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም እዚህ የምናወራቸው ሕዋሳት የበሽታው ምንጭ እንጂ መፍትሔ አይደሉም። ቤት ወይም የቡና መሬት ሸጠው ውጭ አገር ከመሄድዎ በፊት የቀረበልዎትን ሕክምና በጽሑፍ ይቀበሉና ለካንሰር ሐኪም ያሳዩ።

ቤተሰብ ምን ይከታተል?

ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም። ዕጢ ሁሉም ካንሰር አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ስላልሆነ በቀዶ ሕክምና የሚድኑ ብዙዎች ናቸው። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን መዘግየት አይገባም፦

• ጠዋት ጠዋት የሚብስ፣ ከትውከት ጋር የሚመጣና እያደር የሚጨምር ራስ ምታት
• ቀድሞ በማያውቀው ሰው ላይ የሚነሳ የሚጥል ሕመም
• የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር፣ የእይታ መደብዘዝ
• ያልተለመደ የጠባይ ለውጥ
• በልጆች ላይ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም በሕፃናት ላይ የጭንቅላት ከመጠን በላይ ማደግ

የሚጥል ሕመም በየሰፈሩ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጠበሉም ጸሎቱም ከሐኪም ጋር አይጣላም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል።

ከቱም ለሚነሳ ቤተሰብ መንገዱ ረጅም ነው። ሚዛን አማን የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያም አዲስ አበባ። ቢሆንም መንገዱ ከድሮው አጥሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻውን ይዞት የነበረው የጨረር ሕክምናም ዛሬ ጅማ ደርሷል።

ጉቶውን የሚነቅለው መድኃኒት ገና በቤተ ሙከራ እየተፈለገ ነው። እስከዚያው በቤተሰብ እጅ ያለው ምልክቱን አውቆ ቶሎ መድረስ ነው። ልጅዎ ነገ ጠዋት “እማዬ፣ ራሴን” ብሎ ሲያስመልሰው፣ በማግስቱም ከደገመው፣ ቡናው እስኪለቀም አይጠብቁ።