«እስኪ ወደ በሩ አምጪው»

ከላላ ለአራስ ጥየቃ ስሄድ ሁለት ነጠላ ይዤ ነበር፤ አንዱ ለአራሷ፣ አንዱ ለአማቷ። የገዛኋቸው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ቢጫ መብራት ከተደረደረበት ሱቅ ነው። ለእኔ ዓይን ሁለቱም ነጭ ነበሩ። ከደሴ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን ረጅም የደጋ መንገድ ጨርሼ፣ መጋረጃው በተዘጋ የአራስ ክፍል፣ በአንዲት ቢጫ አምፖል ሥር ስዘረጋቸውም እንደዚያው ነጭ ነበሩ። አማቷ ግን ስጦታ በጨለማ የሚቀበሉ ሴት አይደሉም። «እስኪ ወደ በሩ አምጪው» አሉኝ። በሩ ላይ አንዱ እንደ ወተት ነጣ፣ ሌላው የቅቤ መልክ ያዘ።

«አብሽሪ፣ ቅቤ የመሰለው የእኔ ይሁን» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ።

ነጠላዎቹ መንገድ ላይ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። አንድ ዕቃ የሚታየን የበራበትን ብርሃን መልሶ ሲልክልን ነው። ነጭ ጨርቅ ሁሉንም ቀለም ይመልሳል። ቅቤ መልክ ያለው ጨርቅ ግን ከሰማያዊው ጥቂቱን ያስቀራል። ቢጫው መብራት መጀመሪያውኑ ሰማያዊ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ የሁለቱን ልዩነት የሚያወጣ ነገር የለውም። አንጎላችንም ያግዘዋል፤ ቢጫ ብርሃን ውስጥ ጥቂት ስንቆይ ብርሃኑን እንደ ነጭ እንቆጥረዋለን።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ኩራዝ ወደ 2,000፣ የድሮው አምፖል ወደ 2,700፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500፣ ደመናማ ሰማይ ወደ 6,500 ይጠጋል። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። «ቀዝቃዛ» የሚባለው መብራት ትልቁን ቁጥር መያዙ ግራ ቢያጋባዎ አይፍረዱብኝ፤ እኔም ተቸግሬበታለሁ። አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ይህን ቁጥር ይፈልጉ። ሲአርአይ የሚባል ሌላ ቁጥርም አለ፤ መብራቱ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግር ሲሆን ከፍተኛው 100 ነው። የብዙ ኤልኢዲ አምፖሎች 80 አካባቢ ነው፤ ለመስታወትና ለማዕድ ቤት 90 ቢሆን ይመረጣል። ሥጋ ቤት ቀላ ያለ መብራት የሚሰቀለውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሥጋውን ከመብራቱ ወጣ አድርገው ይዩት።

ወደ ከላላ ልመልስዎ። ነጠላዎቹን አይተው ሲያበቁ አማቷ ወደ ክፍሉ ዞሩና «ልጁንም አምጡልኝ» አሉ። አራት ቀኑ ነበር። በአምፖሉ ሥር ስናየው መልኩ ያማረ፣ እንቅልፍ የሚወድ ልጅ ነበር። በሩ ላይ የዓይኑ ነጭ ብጫ ሆኖ ታየ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተወሰደ፤ ደሙ ተመረመረና ሁለት ሌሊት ሰማያዊ መብራት ሥር ተኛ። ዛሬ ዶሮ እያባረረ የሚውል ጎረምሳ ነው።

ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት በመጠኑ ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ችግር ይድናሉ። ቢጫውን የሚያመጣው ቢሊሩቢን የሚባለው ነገር ነው፤ በጣም ሲበዛ ግን አንጎልን ይጎዳል። ቢሊሩቢን ቢጫ የሆነው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ባነሰበት መብራት ሥር ይደበቃል፤ ልክ እንደ ቅቤው ነጠላ። የሚታከመውም በዚሁ ጠባዩ ነው፦ ሰማያዊውን ብርሃን ሲውጥ ቅርጹ ይለወጥና በሽንትና በሰገራ በቀላሉ ይወጣል።

ይህ የታወቀው እንግሊዝ ውስጥ በሮችፎርድ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲስተር ጂን ዋርድ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ፀሐይ ላይ ታወጣ ነበር። የአንዱ ሕፃን ገላ ፀሐይ ያገኘው ገርጥቶ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ቢጫ ሆኖ ቀረ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ነገሩን ተከታትለው በ1958 የብርሃን ሕክምናውን በጽሑፍ አወጡት።

እኛ ደግሞ አራስን ከብርድና ከዓይን ለመጠበቅ መጋረጃ እንዘጋለን። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። በቀን ሁለቴ ያህል ግን ሕፃኑን መስኮት አጠገብ ያድርጉትና በቀን ብርሃን ይዩት። የቆዳችን ጠይምነት ቢጫውን ስለሚሸፍን የዓይኑን ነጭና ድዱን ይመልከቱ፤ ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በጣትዎ ቀስ ብለው ተጭነው ሲለቁም ከሥሩ ቢጫ ይታይ እንደሆነ ያስተውሉ። ቢጫ ካዩ መጠኑን በዓይን መገመት አይቻልም፤ የሚለየው ምርመራ ነውና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅም የሕክምናውን ቦታ አይተካም።

በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚታይ ቢጫ የአስቸኳይ ጉዳይ ነው። ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ሲጢጥ ባለ ድምፅ ካለቀሰ ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀኑ እስኪነጋ አይጠብቁ።