የአንዱ ብርታትና የጓዱ ሚዛን
በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚደረግ የሚና ጨዋታ አጭር ጥናት

«ሚዛን» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለት እኩል ክብደቶችን ነው። ይህ አሳብ ለሚና ጨዋታ ይስማማ እንደ ሆነ በሚከተሉት መስመሮች ለመመርመር እንሞክራለን።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች አስቀድሞ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ቀዳሚ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አወጡት። እንደ ገበጣ ወይም እንደ ሰንጠረዥ አንዱ ሌላውን የሚረታበት አይደለም። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በአንድ ጓድ ይጓዛሉ፤ አንድ ሰው መሪ ሆኖ የሚያጋጥማቸውን ጠላትና መሰናክል ይተርካል፤ የድርጊታቸው ውጤት በዳይስ ይወሰናል። በመጀመሪያው እትም ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን የተባሉ ሦስት ሙያዎች ብቻ ነበሩ።

ደንቡ በቁጥር የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ስሌት የሚወድ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን እጅግ ብርቱ አድርጎ ለመሥራት መጣሩ አይቀርም። በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአምስተኛው እትም አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትልቅ ሰይፍ የያዘ ጀማሪ ተዋጊ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ጥሎ 5 ይጨምራል፤ ድምሩ የጠላቱን የመከላከያ ቁጥር ካላነሰ ይመታል፤ ጉዳቱም በአማካይ 10 ነው እንበል። አንድ ልዩ ችሎታ ደግሞ ከመምቻው 5 ቀንሶ በጉዳቱ ላይ 10 እንዲጨምር ይፈቅድለታል። የጠላቱ መከላከያ 12 ሲሆን፣ ያለ ችሎታው ከመቶ 70 ጊዜ ስለሚመታ የሚጠበቀው ጉዳት 7 ነው፤ በችሎታው ግን ከመቶ 45 ጊዜ 20 ጉዳት ስለሚያደርስ 9 ይሆናል። መከላከያው 18 ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይኸውም የፊተኛው 4፣ የኋለኛው 3 ብቻ ነው። (ዳይሱ 20 ሲያሳይ የሚገኘው ጭማሪ ለሁለቱም እኩል ስለ ሆነ ትተነዋል።) እንግዲህ ብልኅነቱ ችሎታውን በመያዝ ብቻ ሳይሆን ጊዜውን በማወቅ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚነሣው የአንዱ ብርታት የሌላውን ሥራ የወሰደ እንደ ሆነ ነው። እኔ ራሴ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስጫወት የሚዋጋ፣ የሚያግባባና ቁልፍ የሚከፍት ገጸ ባሕርይ በብዙ ስሌት ሠራሁ። ከመካከላችን አንዱ ሌባ መርጦ ነበርና ቁልፍ መክፈት የእርሱ ድርሻ ነበረ። ነገር ግን የተዘጋ በር በተገኘ ቁጥር የእኔ ቁጥር ስለሚበልጥ፣ ዳይሱን የምጥለው እኔ ሆንሁ። በአራተኛው ምሽት «ጥናት አለብኝ» ብሎ ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም። ገጸ ባሕርዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም፤ ጓዱ ግን ተበተነ።

ታዲያ መድኀኒቱ ሁሉን እኩል ማድረግ ነውን? በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው እትም ወደዚህ የቀረበ ሙከራ አድርጓል። የሁሉንም ሙያ ችሎታ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ደልድሎ፣ መካች፣ አጥቂ፣ ደጋፊና ተቆጣጣሪ ብሎ የሥራ ድርሻ ለየ። ቁጥሩ ተቀራረበ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ተጫዋቾች ሙያዎቹ ሁሉ አንድ መሰሉብን ሲሉ አማረሩ። ስለዚህ ሚዛን ማለት የክብደት መተካከል ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ሚዛን ማለት እያንዳንዱ ሰው በተራው «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚልበት ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ወደ ተዋጊያችን እንመለስ። ካህኑ በቡራኬው እስከ ሦስት ለሚደርሱ ጓደኞቹ በመምቻቸው ላይ አራት ገጽ ያለው ዳይስ፣ ማለት በአማካይ 2.5፣ ይጨምርላቸዋል። መከላከያው 18 በሆነው ጠላት ላይ ያለ ችሎታው የሚጠበቀው ጉዳት ያን ጊዜ 5.25፣ በችሎታው ግን 5.5 ይሆናል። ብቻውን ሳለ ያከሰረው ምርጫ በባልንጀራው እጅ ትርፍ ሆነለት ማለት ነው።

ስለዚህ ጨዋታ ከመጀመራችን በፊት አብረን ተቀምጠን ድርሻችንን ብንለይ፣ ስሌታችንንም የባልንጀራችንን ምት ለማቅናት ብናውለው መልካም ይመስለኛል። ያ ጓደኛዬ ቢመለስ፣ ቁልፍ የመክፈቱን ሥራ ለእርሱ ለመተው ዝግጁ ነኝ።