ሚንዛር የሚባለው ምርመራ ምን ይመስላል?

በዚህ እትም የምጽፈው ብዙ ሰው በአደባባይ ሊያወራው ስለማይወደው ጉዳይ ነው። በ7ኛ ክፍል ስለ ምግብ መፈጨት ካስተማርኩ በኋላ አንድ ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ “ቲቸር፣ ሚንዛር ማለት ምንድነው? ያማል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሐኪም ለአንድ ዘመዱ አዞለት ኖሮ፣ ሰውየው ግን “ከዚህስ ሞቴን እመርጣለሁ” ብሎ ወረቀቱን ትራስ ሥር ከቶታል። ለልጁ የመለስኩለት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔም ያንኑ የመሰለ ወረቀት በኪሴ ይዤ የዞርኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ካርቱም ደይም ሰፈር ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ደም ማየት ጀመርኩ። “ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል” አልኩ። በርበሬ ተውኩ፣ ሰው የነገረኝን ቅባት ሁሉ ተቀባሁ። ሰባት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እስከ ሦስተኛ ዓመት ተምሬ ያቋረጥኩ፣ ስለ ሰው አንጀት ለልጆች የማስተምር ሰው፣ ስለራሴ አንጀት ለመናገር አፈርኩ። በመጨረሻ ቡና የሚያፈሉ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው፣ “አንተ ልጅ፣ ልብስህ ሰፋህ እኮ፣ ምን ሆነሃል?” ብለው የያዙኝ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚባለው ያኔ ገባኝ።

ሚንዛር ምንድነው?

“ሚንዛር” የዐረብኛ ቃል ነው፤ ማያ መሣሪያ ማለት ነው። በአፍ ገብቶ ጨጓራን የሚያይ አለ፣ በመቀመጫ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያይ አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሐኪሞች ኮሎኖስኮፒ ይሉታል። መሣሪያው እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ ውፍረቱ የአንድ ጣት ያህል የሆነ ረጅም ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። ትልቁ አንጀታችን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ሐኪሙ ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ስክሪን እያየ ይመረምረዋል።

ማየት ብቻም አይደለም። በቱቦው ውስጥ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ለላቦራቶሪ የሚሆን ቅንጣት ሥጋ ይወስዳል። “ፖሊፕ” የሚባለውን እንደ እንጉዳይ የበቀለ እብጠት ካገኘም በሽቦ ቀለበት አንቆ፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት ቆርጦ ያወጣዋል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ በዶክተር ዊልያም ዎልፍና በጃፓናዊው ዶክተር ሂሮሚ ሺንያ ነው የተጀመረው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መቀደድ ያስፈልግ ነበር።

ዋናው ፈተና ዋዜማው ነው

ሰው ሁሉ የሚፈራው ቱቦውን ነው። የተመረመረን ሰው ብትጠይቁት ግን የከበደው ዋዜማው እንደሆነ ይነግራችኋል። አንጀት ንጹሕ ካልሆነ ካሜራው ምንም አያይም፤ ቀጠሮው ይበላሽና እንደገና ና ትባላላችሁ።

ለሁለት ሦስት ቀን ፉል፣ ምስር፣ ጥሬ አትክልት፣ ፍሬ ያለበት ቲማቲምና ቃሪያ ይቀራል። ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና እንቁላል ይበቃል። በዋዜማው ቀን ምግብ የለም፤ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይና የተጠለለ ሾርባ ብቻ። ሱዳን ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ከርከዴ አይጠጣም። ቀይ ቀለሙ አንጀት ውስጥ ደም ሊመስል ይችላል።

ከዚያ የሚያስቀምጠው መድኃኒት ይመጣል። ለእኔ የታዘዘልኝ በ4 ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነበር፤ ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጠጣሁ። ጣዕሙ ጨው ጨው ይላል። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው እንዴት ይውሉ እንደነበር የሰማ ሰው ይገባዋል፤ ያው የኮሶ ቀን ነው። ለአራት ሰው አንድ ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ደግሞ አስቡት! አብረውኝ የሚኖሩትን ልጆች አስቀድሜ መንገር ግድ ሆነብኝ። የፈራሁት ያ ንግግር ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው። አንደኛው እንዲያውም፣ “የእኔም አባት እንዲህ አሞት ነበር” አለ። የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲሆን ተዘጋጅታችኋል ማለት ነው።

የስኳር በሽታ ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የአይረን ክኒን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም ክልክል ነው።

በምርመራው ሰዓት

በማግሥቱ በረክሻ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ከኋላ የሚከፈት ጋውን አለበሱኝ፣ በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አስጠጉኝ፣ አንሶላ ጣል አደረጉብኝ። ክንዴ ላይ በደም ሥር የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሰጡኝ። በአንዳንድ ቦታ ሰውየው ጭራሽ ይተኛል፣ በሌላ ቦታ ያለ ማደንዘዣም ይሠራል፤ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። እኔ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ።

ምን ይሰማል? መጀመሪያ ቀዝቃዛ ቅባት፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት መሄድ የሚያስፈልግ ዓይነት ስሜት። አንጀቱ እንዲከፈት አየር ስለሚነፋበት ሆድ ይነፋል፤ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደ ቁርጠት ይይዛል። በረጅሙ መተንፈስ ይረዳል። አየር ቢወጣባችሁ አትፈሩ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን የሚጠብቅ ነው። በዓይኔ ስሰርቅ ስክሪኑ ላይ ሮዝ የሆነ፣ የሚያበራ ዋሻ አየሁ። ለካስ የራሴ አንጀት ነው! ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲስተሯ ትከሻዬን ነካ አድርጋ “ኸላስ” አለችኝ።

ሴቶች እህቶቻችን ሴት ነርስ አብራቸው እንድትቆም መጠየቅ ይችላሉ። ለትርጉምም ቢሆን የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጅን በወላጁ ገበና መካከል አስተርጓሚ ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል። ሰው ከጠፋም “ደም” በዐረብኛ ያው “ደም” ነው፤ ሰገራ ደግሞ “ቡራዝ” ይባላል። ሁለቱ ቃላት ብቻ ሐኪሙን ወደ ነገሩ ያደርሱታል።

ከምርመራው በኋላ

አየሩ እስኪወጣ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ይቀላል። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በዚያ ቀን መኪናም ሞተርም መንዳት የለበትም፤ ወደ ቤቱም ብቻውን አይሄድም። አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አንጀት ሊበሳ ይችላል፤ ግን ለመታየት ብቻ ከገቡት ከሺህ ሰዎች አንዱ እንኳ አይደርስበትም። ፖሊፕ የተቆረጠለት ሰው ከቀናት በኋላ ሊደማ ይችላል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

እኔ ውስጥ ኪንታሮትም አገኙ፣ አንዲት ፖሊፕም አገኙ። ፖሊፗን ሲቆርጡ አልተሰማኝም። የላቦራቶሪው መልስ፣ ካንሰር አይደለም፤ ብትቆይ ግን ወደዚያ ልትለወጥ ከምትችለው ዓይነት ናት የሚል ነበር። ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ሰባት ወር ነው ያባከንኩት።

ታዲያ ደም ያየ ሁሉ ሚንዛር ይግባ?

አይደለም። በእኛ አካባቢ ደም ያለበት ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከአሜባ ወይም ከባክቴሪያ ይመጣል። ቢልሃርዚያም አለ፤ የሴናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ካለቀ ወዲህ በገዚራ የመስኖ ቦዮች ተስፋፍቶ ብዙ ሰው አሳምሟል። በቦዮቹ የሠራ ወይም የዋኘ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። እነዚህ በሰገራ ምርመራ ሊታወቁ ይችላሉ፣ መድኃኒትም አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ፣ የደም ማነስ ምርመራ፣ የሐኪሙ የጣት ምርመራ ይደረጋል። ደሙ ከቀጠለ፣ የሰገራ ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ከነበረ ግን ሚንዛሩ ይታሰባል።

“ይህ የሽማግሌ በሽታ ነው” የምትሉም አትዘናጉ። “ብላክ ፓንተር” በሚለው ፊልም የምታውቁት ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ካንሰር ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። በአሜሪካ ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ምርመራ የሚጀምርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ተደርጓል። እኛ እንዲህ ያለ ዕድል የለንም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ከካርቱም ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ፤ ለሆድ ሕመም ስሙ የታወቀው ኢብን ሲና ሆስፒታልም ከዚህ ጉዳት አላመለጠም። እኔ የተመረመርኩት በጊዜ ስለሆነ ነው። ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ መናገር የበለጠ ያስፈልጋል፤ ሪፈርም ቢሆን፣ መንገዱም ቢሆን፣ ገንዘቡም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋልና።

መምህራን፣ ይህን ትምህርት ስታስተምሩ ልጆቹ ቢስቁ አትቆጡ፤ ስቀው ሲያበቁ ማስተማራችሁን ቀጥሉ። ተማሪዎች፣ ቤታችሁ ስትገቡ ለታላላቆቻችሁ ንገሩ። ያ ልጅ ይህን ጽሑፍ ለዘመዱ እንደሚያነብለት ቃል ገብቶልኛል። ወረቀቱን ከትራስ ሥር አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄደ፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ።

ቸር እንሰንብት።