የመግቢያ ፈተናና የኋላው የሥራ ዕድል፤ በንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ትምህርት የታየ ልምድ

መግቢያ

ማንኛውም የመግቢያ ፈተና ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው በግልጽ የታወቀው ነው፤ ይኸውም ቁጥራቸው ካለው ቦታ በላይ ከሆነ አመልካቾች መካከል ትምህርቱን በሚገባ ይወጡታል ተብለው የሚገመቱትን መለየት ነው። ሁለተኛው ግን በፈተናው መመሪያ ላይ ያልተጻፈ፣ ከፈተናው ዕለት በኋላ ተፈታኙን ለዓመታት እየተከተለ የሚሠራ ነው፤ ውጤቱ በተማሪው የወደፊት ሥራና ደመወዝ ላይ ጥላውን ያጠላል። ይህን ሁለተኛ ሥራ ለመመርመር በአሜሪካ አገር በንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ፣ ማለትም በተለምዶ ኤም.ቢ.ኤ. በሚባለው ትምህርት ዙሪያ የታየው ልምድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ለሚገቡ አመልካቾች አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ጉዳዩ ለመምህራንና ለትምህርት ፕላን አዘጋጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈተናው አመጣጥ

በ1953 ዘጠኝ የአሜሪካ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ከአንድ የፈተና አዘጋጅ ድርጅት ጋር ተመካክረው የጋራ መግቢያ ፈተና እንዲኖር ወሰኑ። ፈተናው በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። በ1976 ዛሬ በሚታወቅበት ስም፣ ጂማት ተብሎ ተሰየመ። አስፈላጊነቱም ግልጽ ነበር። አመልካቾች የሚመጡት የማርክ አሰጣጣቸው ከሚለያይ ኮሌጆች ስለሆነ፣ የአንዱን «በጣም ጥሩ» ከሌላው «በጣም ጥሩ» ጋር ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም ማቅረብ ይህን ችግር በመጠኑ ያቃልላል።

ፈተናው በየጊዜው ተሻሽሏል። ከ1997 ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆነ፤ የጥያቄው ክብደትም እንደ ተፈታኙ መልስ ከፍና ዝቅ ይላል። በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ቅርጽ የስሌት፣ የንባብና የመረጃ ትንተና ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ጠቅላላ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ይደርሳል። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

ምን ይለካል? ምን አይለካም?

ፈተናው የተዘጋጀው አንድ ነገር ለመተንበይ ነው፤ ይኸውም ተማሪው በማስተርስ ትምህርቱ፣ በተለይም በመጀመሪያው ዓመት፣ የሚያገኘውን ማርክ ነው። በዚህ ረገድ ያለው ብቃት የሚናቅ አይደለም። በ2007 የታተመና ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ የመረመረ ሥራ፣ የጂማት ውጤት ከመጀመሪያ ዲግሪ ማርክ በተሻለ ሁኔታ የማስተርስ ትምህርት ውጤትን እንደሚተነብይ አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛው የመለኪያው ስሕተት ነው። የፈተናው ጠቅላላ ውጤት ከ30 እስከ 40 ነጥብ የሚደርስ የመለኪያ ስሕተት አለው። ስለዚህ በ20 ነጥብ የሚበላለጡ ሁለት ተፈታኞችን አንዱ ከሌላው ይበልጣል ብሎ ማስቀመጥ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። ሁለተኛው፣ ትንበያው የሚመለከተው የክፍል ትምህርትን እንጂ የሥራ ክንውንን አለመሆኑ ነው። ሰውን ማስተባበር፣ በችግር ጊዜ መወሰን፣ ቃልን መጠበቅና የሥራ ባልደረባን ማዳመጥ በአማራጭ መልስ አይለኩም። ስተርሊንግ ሊቪንግስተን የተባሉት የሥራ አመራር ምሁር በ1971 ባወጡት ጽሑፍ የትምህርት ቤት ማርክ የሥራ መሪን ስኬት እንደማይተነብይ ተከራክረዋል። በ2002 ደግሞ ጄፍሪ ፌፈርና ክሪስቲና ፎንግ የኤም.ቢ.ኤ. ዲግሪም ሆነ በዚያ ትምህርት የተገኘ ማርክ ከኋለኛ የሥራ ስኬት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑን ጽፈዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፈተናው የሥራ ችሎታን የማይለካ ከሆነ፣ በሥራ ዕድል ላይ ያን ያህል ተጽዕኖ የሚያሳድረው በምን መንገድ ነው?

ከውጤት ወደ ሥራ የሚያደርሰው ሰንሰለት

የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ትምህርት ቤቱ ነው። ታላላቅ አማካሪ ድርጅቶችና የገንዘብ ተቋማት ምሩቃንን ለመመልመል የሚሄዱት ወደ ሁሉም ትምህርት ቤቶች ሳይሆን ወደ ተመረጡት ጥቂቶች ነው። ፈተናው ተማሪውን ወደ ተመረጠ ትምህርት ቤት ሲያስገባው፣ በተዘዋዋሪ መንገድ ወደ ቀጣሪው ደጃፍም ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ቀለበት የትምህርት ቤቶች የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። በአሜሪካ ከሚታወቁት ሰንጠረዦች አንዱ የገቢ ተማሪዎችን የፈተና ውጤት እንደ አንድ መመዘኛ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ውጤት ያለውን አመልካች የሚፈልገው ስለ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ደረጃም ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን አመልካች ለመሳብም የትምህርት ዕርዳታ ይሰጣል። ዕርዳታ ያገኘ ተማሪ ከዕዳ ነፃ ሆኖ ሲመረቅ የሚወደውን ሥራ ለመምረጥ ይችላል። በብድር የተማረው ግን ወደደም ጠላም ከፍተኛ ደመወዝ ወዳለበት ያዘነብላል።

ሦስተኛው ቀለበት ምልክትነት ነው። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ማይክል ስፔንስ በ1973 እንዳብራሩት፣ ቀጣሪ የአመልካችን ችሎታ አስቀድሞ ማየት ስለማይችል በሚታዩ ምልክቶች ላይ ይመሠረታል፤ እኒህ ምሁር በዚህ መስክ ባበረከቱት ሥራ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሁለት ዓመቱ የኤም.ቢ.ኤ. ትምህርት የበጋ ወራት የሥራ ልምምድ ለቋሚ ቅጥር ዋናው መንገድ ሲሆን፣ የልምምዱ ምልመላ የሚጀመረው ተማሪው ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ገና በቂ ማርክ አልተመዘገበም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪዎች ማርካቸውን ለቀጣሪ ላለመግለጽ ተስማምተዋል። በዚህ ጊዜ በቀጣሪው ፊት ለማነጻጸር የሚመች የቀረ ቁጥር ቢኖር የመግቢያ ፈተናው ውጤት ነው። አንዳንድ አማካሪ ድርጅቶችና የኢንቨስትመንት ባንኮች ውጤቱን ከሥራ ማመልከቻ ጋር የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ከሚሰጡት መመሪያ ጋር ይጋጫል። መመሪያው ውጤቱን ለቅጥር፣ ለሥራ ፈቃድ ወይም ለደመወዝ ዕድገት እንደ ግዴታ ማቅረብ ተገቢ እንዳልሆነ ይገልጻል። ለአንድ ዓላማ የተፈተሸ መለኪያ ለሌላ ዓላማ ሲውል ተገቢነቱን ያጣልና ነው። ጤፍ የሚሰፈርበት ቁና ትክክለኛ ስለሆነ ብቻ ዘይት አይሰፈርበትም።

የተጽዕኖው ወሰን

ይህ ሲባል ግን የፈተናው ሥልጣን ፍጹም ነው ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ የሥራ ልምድን፣ የድጋፍ ደብዳቤን፣ የጽሑፍ መልስንና ቃለ መጠይቅን አብረው ያያሉ። ሃርቫርድ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ፈተናውን ሳይጠይቅ ተማሪዎችን ከተቀበለ በኋላ መልሶ አስገብቶታል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች አመልካቾችን ከፈተናው ነፃ አድርገዋል። ከሁሉም በላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ዓመታትን ባስቆጠረ መጠን ቀጣሪው የሚመለከተው የሠራውን ሥራ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራ ለሁለተኛው መሰላል ስለሚሆን፣ ቁጥሩ ከተረሳ በኋላም ውጤቱ ያስያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል።

በሕንድ ደግሞ የፈተናው ክብደት የበለጠ ነው። የሕንድ የሥራ አመራር ተቋማት በካት ፈተና የሚመርጡ ሲሆን፣ በ2023 ከ300,000 በላይ አመልካቾች ለዚሁ ተመዝግበዋል። ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ በዚያ ዕለት የታመመ ወይም የተደናገጠ ሰው ሌላ ዕድል የሚያገኘው ዓመት ጠብቆ ነው።

ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ልምድ ለፕላን አዘጋጆች ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የመግቢያ ፈተና ዓላማ በጽሑፍ ተወስኖ መቀመጥ ይገባዋል፤ ማን ውጤቱን ለምን ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ለምን እንደማይችልም ጭምር። ሁለተኛ፣ በፈተናው የተመረጡ ተማሪዎች በትምህርታቸው ምን እንዳስመዘገቡ በየዓመቱ መከታተል ያስፈልጋል። በዚህ ክትትል ጊዜ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የተቀበልናቸው ሁሉ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ከሆኑ፣ በመካከላቸው በውጤትና በማርክ ረገድ የሚታየው ዝምድና ካለው አነስ ብሎ ይታያል። ረጃጅሞች ብቻ በተሰለፉበት የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ቁመት ጥቅም የሌለው መስሎ እንደሚታይ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በማለፊያ ነጥብ ዙሪያ ያሉ አመልካቾች በመለኪያው ስሕተት ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ማስረጃ ተደግፎ ሊታይ ይገባል።

መምህራንን የሚመለከተው ከዚህ ቀደም ብሎ የሚሠራው ሥራ ነው። ጂማት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን፣ በስሌት ክፍሉ የሚፈለገው ዕውቀት ከሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ዝግጅት የሚጀመረው በኮሌጅ ሳይሆን፣ ተማሪው አንድን ምንባብ አንብቦ የጸሐፊውን ክርክር ከማስረጃው እንዲለይ፣ የሒሳብ ጥያቄን በቀመር ከማባዛቱ በፊት ምን እንደተጠየቀ እንዲያስብ በሚለማመድበት ክፍል ውስጥ ነው። በአማርኛም ሆነ በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተገኘ የማመዛዘን ልማድ ተማሪው እንግሊዝኛውን ሲያሻሽል አብሮት ይሻገራል።

መደምደሚያ

የመግቢያ ፈተና የሥራ ዕድልን የሚወስነው የሥራን ችሎታ ስለሚለካ ሳይሆን፣ በሮችን ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ ነው። በር የሚጠብቅ መሣሪያ ሁሉ ደግሞ ተጠያቂነት አለበት። ፈተናውን የሚያዘጋጅ፣ ውጤቱን የሚተረጉምና በውጤቱ የሚጠቀም አካል እያንዳንዱ፣ ቁጥሩ ስለ ተማሪው ምን እንደሚናገርና በምን ላይ ዝም እንደሚል ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ተማሪውም ይህንኑ ከመምህሩ ቢሰማ፣ በውጤቱ ከመታበይም ሆነ ተስፋ ከመቁረጥ ይድናል።