ታላቁ የአሸዋ ባሕርና ኦቶሞቢል

እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ራልፍ ባግኖልድ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም.፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በግብፅና በሊቢያ ወሰን ያለውን ታላቁን የአሸዋ ባሕር በፎርድ ኦቶሞቢል ሲያቋርጥ፥ ሰውና ሞተር በአንድ ውሃ ይሻሙ ነበር። ስለዚህ ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት እንዳይባክን፥ በቱቦ ተመርቶ ከጎን በታሰረ ቆርቆሮ ውስጥ ካለው ውሃ እየገባ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ይሳባል። የመኪናው ብረት ኮምፓስን ስለሚያሳስት፥ ቀን አቅጣጫቸውን በክብ ሰሌዳ ላይ ከቆመች ዘንግ ጥላ ይለያሉ፤ ማታ ከሰፈሩ በኋላ ደግሞ ያሉበትን ስፍራ በከዋክብት ይመረምራሉ። መንኰራኵር በአሸዋ ሲሰጥም ከሥሩ የሚነጠፈው ብረት፥ አስቀድሞ የጦር ምሽግ ጣራ የነበረ፥ ከካይሮ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ነው፤ ከብልሃቱ ሁሉ ርካሹ ይህ ሳይሆን አይቀርም።