መጠጥ ለማቆም ስብሰባ ሲፈለግ

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ መጠጥ ላቁም ብሎ ሲያስብ ቀድሞ የሚያስጨንቀው «ማን ያየኝ ይሆን?» የሚለው ነው። ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ቅዳሴ ላይ፣ ዕቁብ ላይ፣ ለቅሶ ቤት የሚያገኘው ሰው ያው አንድ ነው። ስብሰባ የሚመረጠውም ይህን ጭንቀት ከግምት አስገብቶ ነው።

መጠጥ ለመተው የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር፣ በአጭሩ ኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ተጀመረ። መሥራቾቹ የአክሲዮን ገበያ ሰው የነበረው ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ሲሆኑ ሁለቱም መጠጥ ያንገላታቸው ነበሩ። ጠጪ ከጠጪ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሁለቱም ሳይጠጡ እንደሚያድሩ አዩና በዚያው ቀጠሉ። አባል ለመሆን መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ይበቃል። መታወቂያ የሚጠይቅም ሆነ መዋጮ የሚያስከፍል የለም። መጠሪያ ስም ብቻ ተናግሮ መቀመጥ ነው። ቅርጫት ሲዞር የቻለ አንድ ሁለት ዶላር ለቡናና ለአዳራሽ ኪራይ ይጥላል፤ አዲስ ሰው ቢያሳልፈው ማንም ልብ አይለውም።

ስብሰባ ላይ የተሰማውን ውጭ አለማውራት በኤኤ በጥብቅ የሚጠበቅ ልማድ ነው። እንደ ሐኪም ምስጢር ግን በሕግ የታሰረ አይደለም። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ሰው ዝርዝሩን ለጠበቃው ቢያቆየው ይሻላል።

ስብሰባ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ሚቲንግ ጋይድ የሚባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ በቅርብ ያሉትን ከነሰዓታቸው ያሳያል። በየአካባቢው ደግሞ ኢንተርግሩፕ የሚባል ቢሮ አለ። ስልክ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው መጠጥ ያቆሙ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ «አዲስ ነኝ፣ የት ልሂድ?» ማለት ብቻ ይበቃል። በአማርኛ የሚካሄድ መኖሩንም እነሱን መጠየቅ ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው በዙም የሚደረጉትን መሞከር ይችላል፤ ከሌሎች የዓለም ክፍሎች ጭምር ስለሚካሄዱ በየትኛውም ሰዓት አይጠፉም።

የስብሰባዎቹ ዝርዝር ላይ «ኦፕን» የተባለው ማንም የሚገባበት ስለሆነ እህት ወይም ጓደኛ አስከትሎ መሄድ ይቻላል። «ክሎዝድ» የተባለው ችግሩ ያለባቸው ብቻ የሚቀመጡበት ነው። «ስፒከር» ከተባለ አንድ ሰው ፊት ቆሞ የራሱን ታሪክ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጠው ኦፕንም ስፒከርም የሆነውን፣ ያውም ሐበሻ ከማይበዛበት ሰፈር ነው። ግማሽ ሰዓት መንዳት ቢጠይቅም ልብ ያርፋል፤ እንግሊዝኛ የሚከብደውም ሰው ተራ ደረሰህ አይባልም። በአማርኛ ማልቀስ የሚፈልግ ሰው ሲጠነክር ወደ አማርኛው ስብሰባ ይሄዳል።

አዳራሹ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ የሚታጠፉ ወንበሮች፣ በትልቅ ማፍያ የፈላ ቡና (ጀበና የለመደ ባይወደው አይገርምም)። ተናጋሪው «ስሜ እገሌ ነው፣ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ሲል ሁሉም ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል። ተራ የሚዞርበት ስብሰባ ከሆነ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ብሎ ማለፍ ነውር አይደለም። ሲያልቅ ስልካቸውን የሚሰጡ ሰዎች አይጠፉም። ይቀበሏቸው፤ የቅዳሜ ማታውን የመጠጥ አምሮት የሚያሳልፈው ከስብሰባው ይልቅ ያ ስልክ ነው።

ቦታው ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ሙስሊሙንም ኦርቶዶክሱንም ያሳስባል። አዳራሹ በኪራይ ነው፤ ኤኤ የየትኛውም ሃይማኖት አይደለም። ስለ አምላክ ይነሳል፣ ግን እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው፤ ማብቂያው ላይ ጸሎት ካለ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ጠበሉን መተው የለበትም።

ጠጥቶ በማሽከርከር (ዲዩአይ) ተይዞ ፍርድ ቤት የላከው ሰው ወረቀቱን ቀድሞ ለሰብሳቢው ማሳየት አለበት። ብዙዎቹ ቡድኖች ይፈርማሉ፤ የማይፈርሙም ስላሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ከስብሰባው ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንዴ ቢያቆም ሊሞት ይችላል። ከመጨረሻው ብርጭቆ ጥቂት ሰዓታት በኋላ እጅ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከታየ ደግሞ ወዲያው 911 ይደወል። «ቤት ዘግቼ አወጣዋለሁ» የሚለው ወኔ እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ኤኤ ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን በሥርዓት ወደ ኤኤ የሚያስገባ ሕክምና መጠጥን ጨርሶ በመተው ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ያም ሆኖ ቡድን ከቡድን ይለያያል። የመጀመሪያው ካልተስማማ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰዓት መሞከር ነው፤ የአምላክ ነገር የማይጥመው ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ሌላ የድጋፍ ቡድን ሊያይ ይችላል።

ጠጪው እምቢ ካለ ሚስት ወይም እናት ብቻዋን የምትሄድበት አል-አኖን የሚባል ሌላ ማኅበር አለ። ባሏ ወይም ልጇ መጠጣቱን ባያቆምም እሷ መግባት ትችላለች።