የተራራ ለኪው መጻሕፍት

ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው መንገድ ጉልበት ይፈትናል። ገዳሟ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ናት፤ ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሯት ነአኩቶ ለአብ እንደፈጸማት ይነገራል። ላቡን ጠርጎ ለተቀመጠ እንግዳ ካህኑ ከዕቃ ቤት መስቀሉንና ብራናውን አውጥተው ያሳዩታል። ጨርቁ ይገለጣል፣ የእንጨት ገበታው ይከፈታል፣ ቅጠሉ በጥንቃቄ ይገለበጣል። ዕቃው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የማርያም ነው።

ከአገር የወጡት ብራናዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በሰብሳቢያቸው ስም ነው። ከእነዚህ መካከል እንደ አንቷን ዳባዲ ስብስብ የሚያስደንቀኝም የሚያሳስበኝም የለም።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ውስጥ የተወለደ ፈረንሳዊ የመልክዓ ምድር ሊቅ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1848 ድረስ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ እናርያንና ከፋን አየ። ሥራው መለካት ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣና በማዕዘን መለኪያ ከጫፍ ጫፍ እያነጣጠረ የተራሮቹን አቀማመጥ ያሰላል። ውኃ አፍልቶ በስንት ዲግሪ እንደፈላ በማየት ደግሞ የቦታውን ከፍታ ያገኛል። አየሩ በሳሳ መጠን ውኃው ሳይግል ይፈላልና፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። አሸተን አካባቢ ንፍሮ እሳት ላይ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመለካቱ ጎን ለጎን መጻሕፍት አሰባሰበ። የተሸጠለትን ገዛ፣ ያልተሸጠለትን አስገለበጠ። በ1859 ፓሪስ ላይ ያሳተመው ካታሎግ 234 የእጅ ጽሑፎችን ይዘረዝራል፤ የለኪ ሰው ሥራ መሆኑም ያስታውቃል። ስለ መጽሐፉ ይዘት ከማውራቱ በፊት ቁመቱንና ወርዱን፣ የሽፋኑን ቆዳ፣ ገጹ ባለ ስንት ዓምድ እንደሆነ ይመዘግባል። ተራራውንም መጽሐፉንም ያየበት ዓይን አንድ ነው። ስብስቡን ከተራ ቅርስ ለቀማ ከፍ የሚያደርገውም ይህ ትጋት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሜትር የማይደርስበት ነገር አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የፍልስፍና ተማሪዎች የሚያነቡት «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ለአውሮፓ የታወቀው ከዚህ ስብስብ ነው፤ ቁጥር 215 እና ቁጥር 234 ሆኖ ተመዝግቧል። ሁለቱም ቅጂዎች ዳባዲ ዘንድ የደረሱት በጌምድር ይኖር በነበረው በጣሊያናዊው ካፑቺን መነኩሴ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። መጽሐፉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም አካባቢ የተወለደ ሊቅ ሥራ ነኝ ይላል። የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 የለም፣ የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ተነሣ። የፍልስፍና ተመራማሪው ክላውድ ሳምነር በበኩሉ ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ጥብቅና ቆመ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ከጁስቶ በፊት መጽሐፉ በማን ዕቃ ቤት እንደነበር፣ ማን ለየትኛው ደብር እንደሰጠው ቢታወቅ ኖሮ ጭቅጭቁ ይህን ያህል ባልረዘመ።

የደብር መጽሐፍ ይህን ነገር ራሱ ይዞት ይኖራል። በባዶው ገጽ ላይ የሰጪው ስምና የተሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ይጻፋል፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ውግዘቱ ሁልጊዜ አይመልስም። «አፍሮ አይገባ» የሚባለው የላሊበላ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር። ስምና ቤት ያለው ዕቃ በመሆኑ ግን ባለቤቱ የሚያከራክር አልነበረም፤ በ2001 ተመለሰ።

ዳባዲ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር አጠገብ፣ ኦንዳይ ላይ ያሠራው ግንብ በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በፊደላችን ያጌጠ ነው። ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ ቃል አስገባ። በ1897 ሞተ። መጻሕፍቱ በ1902 የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ ዛሬ ብዙዎቹ «ጋሊካ» በተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታል ክምችት ላይ ስለሚገኙ ላሊበላ የተቀመጠ ተማሪም በስልኩ ሊያገላብጣቸው ይችላል።

ብራናን ከቦታው ሳያነሡ ማጥናት እንደሚቻል ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ነው። የላሊበላ ደብሮችን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአድባራትና የገዳማት መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ፤ ፊልሙ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄደ፣ ብራናው ደብሩ ቀረ። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ሲያዘጋጁ፣ ከይዘቱ ጋር መጽሐፉ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነም መዘገቡ።